«ሆርሞን ካንሰር ያመጣል» ብሎ ማለፍ አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ማረጥ የወጣው ጽሑፍ የሆርሞን ሕክምናን «የጡት ካንሰር ስለሚያመጣ አይመከርም» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ዘግቶታል። ሌሊቱን ወበቅና ላብ እንቅልፍ የነሳት ሴት ይህን ካነበበች ሐኪም መጠየቁንም ትተወዋለች።

ፍርሃቱ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ በሆነው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ነው። ማህፀን ያላቸው 16,608 ሴቶች ተሳትፈዋል፤ አማካይ ዕድሜያቸው 63 ነበር። ግማሽ ያህሉ የወሰዱት ኤስትሮጅን (በማረጥ ጊዜ የሚቀንሰው የሴት ሆርሞን) እና ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን (ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሌላ የሴት ሆርሞን የሚመስል ሰው ሠራሽ መድኃኒት) የያዘ ክኒን ነው። የጡት ካንሰር ከ10,000 ሴቶች በዓመት ከ30 ወደ 38 ከፍ ብሏል። ጭማሪው እውነት ነው፤ ለሴቲቱም ሊነገራት ይገባል። በጥናቱ ሌላ ክፍል፣ ማህፀናቸው ወጥቶ ኤስትሮጅን ብቻ በወሰዱት ላይ ግን የጡት ካንሰር አልጨመረም፤ የጨመረው ስትሮክ ነው። ዛሬ ሕክምናው ይበልጥ የሚመከረው ዕድሜያቸው ከ60 በታች ለሆነ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው፣ ምልክቱ ለበረታባቸው ሴቶች ነው።

ሐኪሙ አስቀድሞ «ማህፀንዎ አለ ወይስ ወጥቷል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ማህፀን ካለ ኤስትሮጅን ብቻውን የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ እያወፈረ ለካንሰር ያጋልጣል። ስለዚህ ግድግዳውን የሚጠብቀው ፕሮጄስትሮን ይጨመራል፦ በየምሽቱ 100 ሚሊ ግራም፣ ወይም በየወሩ ከ12 እስከ 14 ቀን 200 ሚሊ ግራም። እንቅልፍ ስለሚያመጣ ማታ ይወሰዳል። አደገኛው ስህተት «ይህኛው ያደክመኛል» ብሎ ፕሮጄስትሮኑን ብቻ ትቶ በኤስትሮጅኑ መቀጠል ነው። ካልተስማማ ሐኪም ይለውጠው፤ እስከዚያ ኤስትሮጅኑም ብቻውን አይወሰድ።

በአፍ የሚዋጥ ኤስትሮጅን መጀመሪያ በጉበት ስለሚያልፍ ደም የመርጋት አደጋን ይጨምራል። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ግን በዚያ በኩል ስለማያልፍ፣ ውፍረት ስላለባት ደም መርጋት ለሚያሰጋት ሴት እሱን እመርጣለሁ። 50 ማይክሮ ግራም የሆነው በሳምንት ሁለት ጊዜ ይቀየራል፤ የሚለጠፈው ከእምብርት በታች ወይም መቀመጫ ላይ ነው፤ ጡት ላይ በፍጹም አይለጠፍም። ቅባት ወይም ሎሽን የነካው ቆዳ ላይ አይይዝም።

የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ ይናገሩ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የኤስትሮጅኑን ኃይል ይቀንሳል። የታይሮይድ ክኒን የምትወስድ ሴት ደግሞ የሚዋጥ ኤስትሮጅን ስትጀምር የክኒኑ መጠን ከፍ ሊደረግላት ይችላል። የወሊድ መከላከያ ክኒን በራስ ፈቃድ የዚህ ሕክምና ምትክ አይሁን፤ ሆርሞኑ እጅግ ይበረታል።

ችግሩ የብልት ድርቀትና የግንኙነት ሕመም ብቻ ከሆነ በብልት የሚገባ 10 ማይክሮ ግራም ኤስትሮጅን ይበቃል፦ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ጊዜ። በዚህ መጠን ፕሮጄስትሮን አያስፈልግም።

የጡት ካንሰር፣ ስትሮክ፣ የልብ ደም ሥር መዘጋት፣ የደም መርጋት ወይም ከባድ የጉበት በሽታ ያለባት ወይም የነበረባት ሴት በክኒንም ሆነ በሚለጠፍ ሆርሞን አትጀምር።

የወር አበባ ለ12 ወር ከተቋረጠ በኋላ ደም ከታየ፣ ጠብታም ቢሆን፣ ሆርሞን ከመጀመሩ በፊት በአልትራሳውንድ፣ ካስፈለገም ከማህፀን በሚወሰድ ናሙና ይመርመር። ሁለቱንም ሆርሞን በየቀኑ ስትወስድ በመጀመሪያዎቹ 3 እስከ 6 ወራት ጠብታ ሊኖር ይችላል። ከዚያ ካለፈ ወይም ቆሞ እንደገና ከመጣ ግን ወደ ሐኪም መሄድ ግድ ነው።

ዓምዱ ሲደገም ይህ ዝርዝር አብሮ እንዲወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የማህፀንና ጽንስ ሐኪም፣ አዲስ አበባ