ስለ ነርቩ ለጠየቁኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔና ልጆቹ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ወንድሜ ከፕሮስቴትዎ የተወሰደውን ናሙና ውጤት ፎቶ አንስቶ ልኮልኛል። ካንሰሩ በነርቭ ዙሪያ መታየቱን የምትገልጸው መስመር እንቅልፍ እንደነሳችዎትም ነግሮኛል። የስልኩ መስመር እየተቆራረጠ ስላስቸገረን፣ ረጋ ብለው እንዲያነቡት መጻፉን መረጥኩ።

ፕሮስቴት ዙሪያውን በነርቭ የተከበበ ዕጢ ነው። የካንሰሩ ሕዋሳት ሐረግ በአጥር ላይ እንደሚሳበው የነርቩን ሽፋን ተከትለው ይሄዳሉ። በዚህ ሕመም ይህ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር ነው፤ ካንሰሩ አንጎል ደረሰ ወይም ሰውነትዎን አዳረሰ ማለት አይደለም። ከዕጢው የመውጣት ዝንባሌ ሊኖረው ስለሚችል ግን ሐኪምዎ ከደም ምርመራው ቁጥርና ከሌላው ውጤት ጋር አያይዘው ይመዝኑታል። ጨረሩንና የሆርሞን መርፌውን አብረው ያዘዙልዎት ሁሉንም አይተው ነው።

ባዮሎጂ ሲያስተምሩን ነርቩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከአንጎል ጀምረው እስከ ጡንቻው ይስሉት ነበር። ዛሬ ቢሆን አንዱን ቅርንጫፍ ወደ ካንሰሩ ያስገቡት ነበር። ነገሩ አዲስ እንዳይመስልዎት፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያናዊቷ ተመራማሪ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ የአይጥ የካንሰር ዕጢ በዶሮ ጽንስ ላይ ተክላ፣ የጽንሱ ነርቮች ወደ ዕጢው ሲጎርፉ አይታለች። ዕጢው ነርቭ የሚያሳድግ ንጥረ ነገር ያመነጭ ነበር። በ1986 ከስታንሊ ኮኸን ጋር የኖቤል ሽልማት ያስገኘላት የዚያ ንጥረ ነገር ግኝት ነው። ነርቩ በምላሹ ዕጢውን እንደሚያግዝ በደንብ ለመረዳት ግን ብዙ ዓመታት ወሰደ። በ2013 ኒውዮርክ ውስጥ ተመራማሪዎቹ ክሌር ማኞንና ፖል ፍሬኔት የፕሮስቴት ካንሰር ባለባቸው አይጦች ላይ ሳናዛቸው የሚሠሩትን ሲምፓቴቲክ የተባሉ ነርቮች ሲያጠፉ ካንሰሩ ገና ከጅምሩ ማደግ ተሳነው። በ2017 የፍሬኔት ቡድን ምክንያቱን አገኘ፦ ከነርቩ ጫፍ የሚወጣው ኖርአድሬናሊን የተባለ መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገር ካንሰሩን የሚመግቡት የደም ሥሮች እንዲስፋፉ ያደርጋል። እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ የ2019 ግኝት ነው፤ በስታንፎርድና በሃይደልበርግ ያሉ ተመራማሪዎች የአንጎል ካንሰር ሕዋሳት ከጤነኛ ነርቮች ጋር ሲናፕስ፣ ማለትም ነርቮች መልእክት የሚቀባበሉበትን መገናኛ፣ ፈጥረው መልእክት ሲቀበሉ አሳዩ።

የአጎቴ ልጅ በቴሌግራም ያነበበው ከዚሁ የተቀዳ ነው። ፕሮፕራኖሎል የኖርአድሬናሊንን ሥራ ስለሚገታ ካንሰርን ያቆማል ብሎ ሊገዛልዎት ተነሥቷል። በቅን ልብ ነው፤ አይቀየሙት። እኔ ይህን መድኃኒት ለእንቅርትና ለልብ ምት ሕመምተኞች ከመደርደሪያው እያወረድኩ የማድል ሰው ነኝና ይስሙኝ። ከካንሰር ሕክምና ጋር እየተሰጠ በሰዎች ላይ መሞከሩ እውነት ነው፤ የፕሮስቴት ካንሰር መድኃኒት ሆኖ ግን አልጸደቀም። ከዚያ ይልቅ የሚያስፈራኝ አስምዎ ነው። ትንፋሽ ሲያጥርዎት የሚስቡት ሳልቡታሞል የአየር ቧንቧዎን የሚከፍተው ቤታ ሁለት የሚባለውን ተቀባይ፣ ማለትም በሕዋሱ ላይ መልእክት የሚቀበለውን ክፍል፣ ቀስቅሶ ነው። ፕሮፕራኖሎል ያንኑ ተቀባይ ይዘጋል። ቧንቧው ይጠብና ሳልቡታሞሉን ቢስቡት እንኳ አልሠራ ሊልዎት ይችላል። አባዬ፣ አንዲት ፍሬ እንኳ እንዳይቀምሱ እለምንዎታለሁ። «እንግዲያው ሳልቡታሞሉ ራሱ ካንሰሩን ያግዛል ወይ?» ብለው እንደሚጠይቁኝም አውቃለሁ። እንዲህ ብለው እንዳያቋርጡት፤ የሚስቡት መጠን ትንሽ ነው፣ በአብዛኛውም ሥራው ሳንባ ላይ ነው፤ ያልታከመ አስም ግን በአንድ ሌሊት ሰው ሊገድል ይችላል።

ሌላም ነገር ሰምቻለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሐዘኑን አምቀው ስለያዙ ነው ይህ የመጣብዎት የሚሉ አሉ። እርስዎም ሳያምኑበት አልቀሩም። ይህ ልቤን አደማው። በአይጦች ላይ ጭንቀት ካንሰርን ሲያባብስ መታየቱ አይካድም፤ በሰው ላይ ሐዘን የፕሮስቴት ካንሰር እንደሚያመጣ ግን አልተረጋገጠም። እርስዎ ቢደሰቱም ቢያዝኑም፣ ተኝተውም ጭምር፣ እነዚያ ነርቮች ሥራቸውን ይሠራሉ። ለእናቴ ያለቀሱት ለቅሶ ጥፋት አይደለም፤ ማንም ጥፋት እንዲያደርግብዎት አልፈቅድም።

ማክሰኞ ሐኪምዎ ዘንድ ሲገቡ አስም እንዳለብዎት ራስዎ ይንገሯቸው፤ የሚወስዱትን ሁሉ በከረጢት ይዘው ያሳዩ። ሕመምም አይደብቁ። ወገብዎን አዲስ ሕመም ከያዝዎት፣ እግርዎ ከዛለ ወይም ሽንት ከከለከልዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ፤ ለወንድሜም ሌሊትም ቢሆን መኪና እንዲፈልግ ነግሬዋለሁ። ጨረሩ የሚጀመርበትን ቀን እንዳወቁ ያስደውሉልኝ፤ ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ።

አክባሪ ልጅዎ