ሥዕሉን ከቦታው አትነጥዪው

የኔ ልጅ፣

የምትመጪው የለገ ኦዳን የጥንት የዋሻ ሥዕሎች ልታጠኚ እንጂ ለእኛ እንዳልሆነ ባውቅም ደስ ብሎኛል።

የላክሽልኝን የለገ ኦዳ ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። ከብቶቹ ያምራሉ። ሻኛ የላቸውም፣ ቀንዳቸው ረጅም ነው። ግን ሁሉም ፎቶ ግድግዳውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ዋሻው ወዴት ይመለከታል? ከፊቱ ሜዳ ነው ወይስ ገደል? ውሃ የት ይገኛል? ከፎቶው ላይ አንዱንም ማወቅ አልቻልኩም። የጡረተኛ ጂኦግራፊ መምህር አመል ነው በይኝ፤ እኔ ግን ሥዕሉ ያለ እነዚህ ጥያቄዎች ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል እላለሁ።

እዚሁ ከተማችን ድሬዳዋ ዳር ያለውን ፖርክ ኤፒክን ውሰጂ። ፈረንሳዮቹ ቴያር ደ ሻርዳንና አንሪ ደ ሞንፍሬ እ.ኤ.አ. በ1929 ያገኙት ዋሻ ነው። ከደቻቱ ወንዝ 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። እዚያ የተቀመጠ ሰው ሸለቆውን ቁልቁል ያያል፤ አውሬም ሆነ እንግዳ ሰው ሳይታየው አያልፍም።

ከወለሉ ከ4,000 በላይ ቁራጭ ኦከር፣ ማለትም ለቀለም የሚሆን አፈር፣ ወጥቷል፣ ክብደቱ 40 ኪሎ ያህል። ያ ቀይ አፈር ወደ 40,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ግድግዳው ላይ ደግሞ ቀይ ሥዕል አለ። ሁለቱን ማገናኘት ያጓጓል፣ አይደል? እንዳትሸወጂ። ሥዕሉ ከዚያ እጅግ የቀረበ ዘመን ሥራ ነው ተብሎ ይታመናል። ዋሻ የኪራይ ቤት ነው፤ ግድግዳውን የቀባውና ወለሉን ያቆሸሸው ተከራይ ላይተዋወቁ ይችላሉ።

ከዚያው ወለል የወጣው ባልጩት ደግሞ የሚገርም ነው። ኬሚካላዊ ባሕርይው ሲመረመር ከፊሉ ከአሰቦት፣ ከፊሉም 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ከቆኔ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ከአዲስ አበባ ስትመጪ በአውቶቡስ የምታልፊበት አካባቢ ነው። እባክሽ እዚያ ጋ አትተኚ! ዋሻው የነበረበት ዓለም ከዋሻው አፍ ስንት ቀን መንገድ ርቆ እንደሚሄድ በመስኮት ይታይሻል።

አርኪዮሎጂስቱ ዴዝሞንድ ክላርክም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለገ ኦዳን ሲቆፍር ያደረገው ይህንኑ ነው፤ መልሱን ከሥዕሉ ብቻ አልጠበቀም። ከአፈሩ ውስጥ ጥቃቅን የድንጋይ ስለቶች ወጡ። አንዳንዶቹ ጠርዛቸው ያብረቀርቃል፤ ሣር ወይም እህል መሰል ነገር ታጭዶባቸዋል ተብሎ ተገመተ። ግድግዳው ላይ ከብት፣ አፈሩ ውስጥ አጨዳ። አንዱን ብቻ ብታዪ የሰዎቹ ኑሮ ግማሹ ያመልጥሻል።

የዕድሜው ነገር ግን ይፈትንሻል። ቀይ ኦከር የብረት ዝገት ስለሆነ ዕድሜው የሚለካበት ካርቦን በውስጡ የለም። ጥቁሩ ቀለም ከሰል ከሆነ ብቻ ሊለካ ይችላል። ስለዚህ አንዱ ሥዕል በሌላው ላይ እንዴት እንደተደረበ፣ የትኛው እንስሳ ከየትኛው ቀድሞ እንደመጣ በትዕግሥት መለየት አለብሽ። ሻኛ የሌለው ከብት ቀድሞ፣ ግመል ዘግይቶ መምጣቱ አንድ ፍንጭ ነው።

ሌላው ምክሬ የከብት እረኞቹን እንድትጠይቂ ነው። ሥዕሉ ምን ማለት እንደሆነ ሳይሆን፣ በበጋ ውሃ የት እንደሚገኝ፣ ከብት በየት በኩል እንደሚወጣና እንደሚወርድ ጠይቂ። ትርጉሙን ከጠየቅሻቸው እንግዳ ላለማሳፈር ሲሉ የሆነ ነገር ይነግሩሻል፤ ስለ ውሃ ግን ማንም አይቀልድም። ሶማሌላንድ ያለው የዋሻ ሥዕል ቦታ ላስ ጌል እንኳን ሁለት ደረቅ ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ይህን እያወቀ ከብቱን ብቻ ፎቶ አንስቶ የሚመለስ ሰው አይገባኝም።

ቀለሙ ደመቅ እንዲል ብለሽ ግድግዳው ላይ ውሃ እንዳትረጪ። በኖራም እንዳታሰምሪ። ድሮ ባለሙያዎችም ያደርጉት ነበር፣ ዛሬ ግን የደበዘዘውን በኮምፒዩተር ማውጣት ይቻላል። የቦታውን ትክክለኛ መገኛም ፌስቡክ ላይ አትለጥፊ፤ ስሙን ሊጽፍ የሚመጣ አይጠፋም።

ወደ ዋሻው በጠዋት ውጪ፣ የድሬን ፀሐይ ታውቂያታለሽ። እናትሽ ሁልበት መረቅ ትሠራለች፤ ማታ ስትመለሺ ከፎቶው በፊት በእጅሽ የሳልሽውን ካርታ አሳዪኝ። ሰሜኑን ማመልከት እንዳትረሺ።

አባትሽ