የሌላውን ልብ ወለድ ስለሚቀጥሉ ወጣቶች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሥነ ጽሑፍ ዓምዳችሁ አንድ ጸሐፊ የታወቁ ልብ ወለዶችን እየቀጠሉ በቴሌግራም የሚያሰራጩ ወጣቶችን «ዘራፊዎች» ብለዋቸዋል። የቅኔ ቤት ለሚያውቅ ሰው ስድቡ ግማሽ ምርቃት ነው፤ እዚያ ቅኔ መፍጠር «መዝረፍ» ይባላልና። ቅኔ ይዘረፋል እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል? ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ፣ ቤቱን (ስንኙን) ቆጥሮ፣ በዚያው ልክ የራሱን ይዘርፋል። የሚጀምረው ግን በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ረጅሙን መወድስ ልዝረፍ የሚል የለም። ወጣቶቻችን የሚወቀሱ ከሆነ በዚህ ይወቀሱ፤ አንድ ትዕይንት ሳይጽፉ የሠላሳ ክፍል ቅጥያ ይጀምራሉ።

ደግሞም ይህ የሰሜን ሸዋ አገራችን የመርሐቤቴውን ኅሩይ ወልደ ሥላሴንና የመንዙን ከበደ ሚካኤልን ያፈራ ነው። ከበደ ሚካኤል የሼክስፒርን ሮሚዎና ዡልየት በአማርኛ ግጥም አቀረቡልን፤ ዛሬ በዚህ የሚከሳቸው አይገኝም። አለቃ ገብረ ሐናም ቢሆኑ ከሞቱ በኋላ የቀለዱት በሕይወት ሳሉ ከቀለዱት ሳይበዛ አይቀርም። ፈረንጆች ፋን ፊክሽን የሚሉት ነገር ለኛ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሆነው ስልኩ ነው።

አብዛኛው ቅጥያ የሚበላሸው ገና ከመነሻው ነው። ልጁ መጽሐፉ ካለቀበት ይነሣል። ደራሲው እዚያ ላይ ያቆመው ግን ሰዎቹን ያጋጨው ነገር ስለተቋጨ ነው። ስለዚህ ልጁ አዲስ ጠብ ከየትም ይለቅማል፤ ከአሜሪካ የመጣ ሀብታም፣ የመኪና አደጋ፣ ሲወለድ የተለዋወጠ ሕፃን። እሱም ካልሆነለት ሙት ያስነሣል።

ሙት ማስነሣትም ወግ አለው። አርተር ኮናን ዶይል መርማሪውን ሼርሎክ ሆምስን በ1893 እ.ኤ.አ. ፏፏቴ ገደል ጨምሮት ነበር። አንባቢ አልለቅ ሲለው በ1903 እ.ኤ.አ. መለሰው። ይህ ሊሆን የቻለው ሬሳውን ያየ ሰው ስላልነበረ ነው፤ ጓደኛው ዋትሰን ያገኘው የእግር ዱካ፣ ምርኩዝ፣ የሲጋራ መያዣና አንዲት ደብዳቤ ብቻ ነበር። በሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ግን በዛብህ የሞተው ፍቅረኛው ሰብለ ወንጌል ዓይኗ እያየ ነው። እሱን «ለካ አልሞተም» ብሎ መመለስ ሰብለን ማቄል ነው፤ ርዕሱም አይፈቅድም።

የሚሻለው በመጽሐፉ ውስጥ ደራሲው ሳይገባበት ያለፈ ክፍተት መፈለግ ነው። ባላገሮቹ በአበጀ በለው መሪነት በሰብለ አባት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲነሡ ታሪኩ ከወንዶቹ ጋር ይሄዳል። ስንቃቸውን ማን ሰነቀ? አንዲት የባላገር ሚስት ሌሊቱን ለበሶ የሚሆን ገብስ ትቆላለች። ባሏ ወዴት እንደሚሄድ አልነገራትም። «ይህን ያህል ይበቃል» ባለው መጠን ግን ስንት ቀን እንደሚቆይ ታሰላለች፤ አሰላስላም ሳትነግረው ትጨምርበታለች። ይህ ትዕይንት ሐዲስ ዓለማየሁ የሠሩትን አንድ ድንጋይ አያናጋም፤ አዲስ ሰው ግን ወልዷል።

ክፍተት ለማግኘት መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ማንበብ ግድ ነው፤ ሁለተኛውን ደብተር ይዞ። ገጹን በአራት ዓምድ ይክፈሉት፤ ማን፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን ይፈራል፣ እስከዚህ ምዕራፍ ድረስ ምን ያውቃል። ሰው የሚዘለው አራተኛውን ነው፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚያው ነው። ገጸ ባሕርይው በአሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ገና የሚሰማውን ወሬ ቅጥያው በዘጠነኛው ላይ ያናግረዋል። መጽሐፉን የሚወድ አንባቢ እንዲህ ያለውን አይምርም።

ከዚያ አንድ ትዕይንት ብቻ ይጻፍ። አንድ ቦታ፣ ሁለት ሰው፣ ከ800 እስከ 1,000 ቃል። አንደኛው የሚፈልገው ነገር በሌላኛው እጅ ይሁን። ትዕይንቱ ሲያልቅ ወይ ተሰጥቷል፣ ወይ ተከልክሏል፣ ወይ ተሰርቋል። ሦስቱም ካልሆነ የተጻፈው ጨዋታ ነው፤ ቢቆረጥም ታሪኩ አይጎድልም።

የንግግር ነገር ለብቻው ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ዋናውን ብቻ ልበል። የገጸ ባሕርይውን አሥር ንግግሮች ከመጽሐፉ በእጅ መገልበጥና መቁጠር፤ ስንቱ ጥያቄ ነው? ስንቱ ትእዛዝ? ተረት ይጠቅሳል ወይስ ያጥላላል? ጉዱ ካሣን ሰው ሁሉ እንደ እብድ የሚያየው በሚናገረው ነው፤ ቅጥያው ውስጥ እንደ ማንም ሰው «ደህና ዋልክ፣ ደህና ነኝ» እያለ ሲውል ስሙ ቀርቶ ሰውየው ሄዷል። «አንቱ»ም ቀልድ አይደለም። አማት ለአማች ከ«አንቱ» ወደ «አንተ» ከወረደች ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ተሰብሯል፤ ጸሐፊው ሳያውቀው በየመስመሩ ሲያቀያይረው ግን የተሰበረው የአንባቢ እምነት ነው። የመንዝን አነጋገር ለማሳየትም «ከ»ን ሁሉ «ኸ» ማድረግ አያስፈልግም። አንድ «ኸቤት»፣ አንድ «አይዶለም» ጣል ቢያደርጉ ጆሮ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል።

አሁን ወደ ቦታና ወደ ቀን ልምጣ፤ የሰሜን ሸዋ ልጆች ከሌላው የሚበልጡበትም የሚሳሳቱበትም እዚህ ላይ ነውና። የታወቀ ታሪክን ከጎጃም አንሥቶ ወደኛ ማምጣት ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ማንኩሳን ሞላሌ ብሎ መሰየም ብቻ ግን አያመጣውም። የመንዝ ደጋ የገብስ አገር ነው። ደሃዋ እናት ለእንግዳ ነጭ የጤፍ እንጀራ ካቀረበች ጤፉ ከቆላ ገበያ ተሸምቷል ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ ከአንድ ሞሰብ ሙሉ ትዕይንት ያወጣል። በምን ገንዘብ ተሸመተ? እንግዳው እንዲህ የሚከበረው ምን ተፈልጎበት ነው? የማያውቀው እንጀራውን አቅርቦ ያልፋል። ልጅቱም በጥር ሌሊት ደብረ ብርሃን ላይ በነጠላ ብቻ ደጅ ቆማ ፍቅረኛዋን ስትጠብቅ አንባቢው ከፍቅሯ ይልቅ ለሳንባዋ ያስባል፤ የበግ ጠጉር ባና ደርቡላት።

በምኒልክ ዘመን የተቀመጠ ታሪክ ውስጥ ሲራራ ነጋዴዎች በጣርማበር ዋሻ ሲያልፉ ይነበባል። ዋሻውን ያስቆፈረው ጣሊያን ነው፣ በወረራው ጊዜ። ከዚያ በፊት የነበረ ሰው ዳገቱን በእግሩ ወይ በበቅሎ ይውጣው። ለልብ ወለድም ከዋሻ ዳገት ይሻላል፤ የተኳረፉ ሁለት ሰዎች ትንፋሽ እያጠራቸው ሲወጡ የመጀመሪያዋን ቃል ማን ያወጣል የሚለው ብቻ ገጽ ይሞላል።

በዓቢይ ጾም ሠርግ የሚደግስ፣ ወይም ከበዓለ ሃምሳ ውጭ ልደት ወይ ጥምቀት ሳይውልበት ዓርብ ቀን ዶሮ ወጥ የሚያቀርብ ክርስቲያን ቤት በታሪኩ ካለ ምክንያቱ አብሮ ይጻፍ። ምክንያት ካለው ስሕተትነቱ ይቀርና ታሪክ ይሆናል። የትንሣኤ ሌሊት ሙሉ ጨረቃ የምታበራበት ቅጥያም ሞልቷል። በኛ አቆጣጠር ፋሲካ ሁልጊዜ ጨረቃ ሞልታ መጉደል ከጀመረች ከቀናት በኋላ ነው የሚውለው። ስለዚህ ሌሊቱ ሲጀምር ጨለማ ነው፤ ጨረቃዋም ጎድላ፣ ዘግይታ ትወጣለች። ተደብቆ ለሚጠፋ ፍቅረኛ ይህ ከሙሉ ጨረቃ ይጠቅማል።

ጠብ ከውጭ ለሚያስመጡም አንድ ነገር ልጠቁም። የመንዝ የጓሳ ሣር ምድር በቄሮ ሥርዓት፣ ማለትም በባለ ርስቶቹ የጋራ ጥበቃ ደንብ ሲጠበቅ ሣሩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሊዘጋ ይችል ነበር። አዲስ ተጋቢ ቤቱን የሚከድንበት ሣር ያው ጓሳ ነበር። ሣሩ በተዘጋበት ዓመት የሚያገባ ልጅ፣ ጠባቂው ደግሞ የልጅቱ አባት። ከዚህ ወዲያ የአሜሪካ ሀብታም ምን ያደርጋል? የዘመኑ ልክ ግን ይጠበቅ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ በዘር የሚወረሰው የአጽመ ርስት መብትም ከሱ ጋር የቆመው ጥበቃም እንደ ቀድሞው አልቀጠሉም።

ስለ «ይቀጥላል» ጥቂት ልበል። ክፍሉን በር ሲንኳኳ መቁረጥ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ሦስተኛው ላይ አንባቢ በሩን ይለምደዋል። አንባቢው የሚቀጥለውን ሳምንት የሚጠብቀው ሰውየው ከሁለት ክፉ ነገር አንዱን መምረጥ ሲኖርበት ነው።

ወደ ሌብነቱ ክስ ልመለስ፤ ጸሐፊው ፈጽመው አልተሳሳቱምና። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብት የደራሲው ነው። የኢኮኖሚ መብቱም ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት አዋጁ በወጣበት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥሩ እስከ 2046 ይሄዳል። ለልምምድ በደብተር የተጻፈ ማንንም አይጎዳም። ማሰራጨት ሲመጣ ግን ከወራሾች ፈቃድ ይጠየቅ፤ የደራሲውን ስም በአናቱ መጻፍ ተገቢ ነው፣ ፈቃድን ግን አይተካም። አዋጁ ሐሳብን ለብቻው አይጠብቅም፤ የባላባት ልጅ ደሃ መውደዷ የማንም ርስት አይደለም። ስለዚህ ትዕይንቱ ከበሰለ በኋላ ስሞቹን ሁሉ አውጥቶ ማንበብ ነው። ገብስ የምትቆላዋ ሴት ያለ ፊታውራሪ መሸሻም ከቆመች የልጁ የራሱ ገጸ ባሕርይ ሆናለች፤ ስም ይስጣትና ይቀጥል። ካልቆመች ደብተሩ ውስጥ ትቆይ።

ዝግጅት ክፍሉን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በዚሁ ዓምድ በወር አንድ ጊዜ እንዲህ ስሙን ቀይሮ የቆመ አንድ ትዕይንት ከ1,000 ቃል ሳይበልጥ ይውጣ፤ ከሥሩም የአርታኢው እርማት በአምስት ወይም በስድስት መስመር፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር ለምን እንደተቆረጠ ጭምር። ክሱን የጻፉት ሰው የመጀመሪያውን ቢያርሙልን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የልብ ወለድ አርታኢ፣ ከደብረ ብርሃን