ካንዴላ በቤት ስለመቀየር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ካንዴላው (በሞተሩ ውስጥ ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) ከላይ በቀላሉ በሚገኝባቸው ባለአራት ሲሊንደር የቤት መኪኖች ላይ ካንዴላ ለመቀየር የግድ ጋራዥ መሄድ እንደማያስፈልግ ለማስታወስ እወዳለሁ። ሞተሩ በደንብ ሳይቀዘቅዝ ግን መፍታት አይገባም፤ ቴስታታው (ካንዴላው በጥርስ የሚታሰርበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም ከሆነ ጥርሱ ሊበላ ይችላል። በእኛ በአዳማ ነፋሱ የሚያመጣው አቧራ በካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ስለሚጠራቀም፣ ከመፈታቱ በፊት በአየር ካልተነፋ ቆሻሻው በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል፤ ይህን ባለሙያ ነኝ የሚለውም ብዙ ጊዜ ይዘለዋል። አዲሱ ካንዴላ እስኪቆም ድረስ በእጅ ብቻ መዞር አለበት፤ ገና ከመነሻው አልዞርም ካለ መልሶ እንደገና መጀመር እንጂ በቁልፍ ማስገደድ አይበጅም። የወጣውም ሳይታይ አይጣል፤ ጫፉ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ደኅና ነው፣ በዘይት ከራሰ ግን ካንዴላ መቀየሩ ብቻውን መፍትሔ ስለማይሆን ወደ መካኒክ መሄድ ያስፈልጋል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከአዳማ