የሲኤንሲ መዳሰሻ እዚሁ ይሠራ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቆርጥ ማሽን፣ ራሳቸው ስለሚገጣጥሙ ወጣቶች ያወጣችሁትን አንብቤ ደስ ብሎኛል። እኔም በትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ በርና የአልጋ ራስጌ በሲኤንሲ እቀርጻለሁ። ጽሑፉ ያላነሳትን አንዲት ዕቃ ልጨምር፤ ፕሮብ የምንላትን፣ ዕቃውን ነክታ ቦታውን ለማሽኑ የምታሳውቅ መዳሰሻ።

ማሽኑ ከመቁረጡ በፊት እንጨቱ የት እንደሚጀምር ማወቅ አለበት። አብዛኞቻችን ይህን በወረቀት እንፈትሻለን። መቁረጫው ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ወረቀቱ ያዝ ሲያደርግ ዜሮ እንላለን። ለአንድ ፊት ይበቃል። በሁለት ፊት ለሚቀረጽ ሥራ ግን ግማሽ ሚሊሜትር ከሳትን ሁለቱ ወገን አይገጥምም፣ እንጨቱ ለማገዶ ይሆናል። የዋንዛን ዋጋ የሚያውቅ ያውቀዋል።

መዳሰሻዋን እ.ኤ.አ. በ1972 የፈጠረው ሮልስ ሮይስ ውስጥ ይሠራ የነበረው ዴቪድ ማክመርትሪ ነው። ኮንኮርድ የተባለውን አውሮፕላን ሞተር ቀጫጭን የነዳጅ ቧንቧዎች ለመለካት አስቦ ነበር። አሠራሯ ግን ከእኛ አቅም በላይ አይደለም። ሦስት ዘንጎች በስድስት ኳሶች ላይ ተቀምጠው በሞላ ይያዛሉ። ኤሌክትሪክ በሁሉም በኩል በአንድ መስመር ተከታትሎ ያልፋል። ጫፏ ዕቃ ስትነካ አንዱ ዘንግ ይነሳል፣ መስመሩ ይቋረጣል፣ ማሽኑም ቦታውን መዝግቦ ይቆማል። ስትለቀቅ እዚያው ቦታዋ ላይ ትመለሳለች። ሽቦዋ ቢበጠስ እንኳ ማሽኑ እንደነካ ቆጥሮ ይቆማል እንጂ ወርዶ አይሰብራትም።

የውጪዎቹ ፕሮቦች ዋጋ ለእኛ ዓይነቱ ሥራ ቤት አይቀመስም። ኳሶቹ ግን ሶማሌ ተራ ከአሮጌ ኩሽኔታ ይወጣሉ። ዘንጉ የተሰበረ መሰርሰሪያ ሊሆን ይችላል፣ ሞላው ከእስክሪብቶ። አስቸጋሪው ኳሱን መበየድ ነው፤ ሊድ አይዝም። በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቆ አሲድ መቀባት ያስፈልጋል። ሌላው ደግሞ ጫፏ ከየአቅጣጫው እኩል አለመነሳቷ ነው። ስለዚህ ልኩ በሚታወቅ ቀዳዳ ውስጥ ዙሪያውን መፈተን አለባት። ለዚህም ኩሽኔታ ይበቃል፤ ቁጥሩ 6204 የሆነው ኩሽኔታ ቀዳዳው 20 ሚሊሜትር ነው። የተገኘው ልዩነት ተመዝግቦ ከልኬቱ ላይ ይቀነሳል።

ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ይህን ለተመራቂዎች የማጠቃለያ ሥራ ቢያደርጉት እላለሁ። ቶርኖውም፣ ኤሌክትሮኒክሱም፣ ልኬቱም በአንዲት ዕቃ ውስጥ አለ። የሠሩትም መደርደሪያ ላይ አቧራ አይጠጣም፤ የሚገዛቸው በየሰፈሩ ሞልቷል። ንድፉን በጋዜጣችሁ ለማውጣት ፈቃደኛ ከሆናችሁ ከነልኩ ስዬ እልካለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የእንጨት ሥራ ባለሙያ፣ ከኮልፌ