«የከፈልከው ኪራይ ነው» ላለ ሻጭ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

በቴክሳስ፣ ዳላስ አካባቢ ቤት ከሻጩ በዱቤ ስለመግዛት ያወጣችሁት ጽሑፍ ዋናውን ነገር ዘሏል። ክፍያው እስኪያልቅ የቤቱ ስም በሻጩ እጅ ይቆያል፤ ገዢው ውዝፍ ሲያመጣም «የከፈልከው ኪራይ ነው፤ ውጣ» ይባላል።

የቴክሳስ ሕግ ግን ይህን አይልም። ለመኖሪያ ቤቱ ከዋጋው 40 በመቶ ወይም የ48 ወር ክፍያ የከፈለን፣ አለዚያም ውሉ በካውንቲው (በአካባቢው አስተዳደር) መዝገብ የተመዘገበለትን ገዢ ሻጩ ውል አፍርሶ ገንዘቡን ሊያስቀርበት አይችልም። ውዝፉን እንዲከፍል በጽሑፍ አሳውቆ 60 ቀን ይጠብቃል፤ ካልተከፈለ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል፤ ከዕዳው የተረፈው የገዢው ነው።

ውሉን በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ የሻጩ ግዴታ ነው (ካልተጠየቀ ማን ይቸኩላል!)። ገዢዎች የካውንቲውን መዝገብ ዛሬውኑ ይጠይቁ፤ ደረሰኝም አይጣሉ።

አንድ አንባቢ፣ ከዳላስ