ከሶሌታ ሙሌት በፊት ይህን አንብቡልኝ

ውድ አባላት፣

ክረምቱ ወጥቶ የሶሌታ ሙሌት፣ ማለትም የፎቅ ወለል አርማታ ማፍሰሱ፣ በየሳይቱ ሊጀመር ነው። ብዙዎቻችን ከሲሚንቶ የምንፈራው አቧራውን ብቻ ነው። እርጥቡ ግን ቆዳ ያቃጥላል። ክፋቱ ደግሞ ወዲያው አያምም። አርማታው ቦት ጫማ ውስጥ ይገባል፣ ካልሲው ይርሳል፣ ልጁ ሙሌቱ እንዳይቋረጥ ብሎ ዝም ይላል። ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ቁርጭምጭሚቱ ተልጦ ያገኘዋል።

እባካችሁ ጫማ ውስጥ ከገባ ሥራውን እዚያው አቁሙ። ጫማና ካልሲውን አውልቁ፤ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በንጹህ ወራጅ ውሃ ታጠቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ታጥባችሁ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት። ፎርማኖች፣ የመታጠቢያውን ውሃ ከሚክሰሩ ውሃ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ጓንትና ቦት ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ችሮታ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92ን አሳዩአቸው። የተሰጠንን መጠቀም ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው።

የባህር ዛፍ መወጣጫው ዝናብ ሲመታው ከርሟል። ሳይፈተሽ ማንም እንዳይወጣበት። የበሰበሰ እንጨት ወይም የላላ ሚስማር ካያችሁ ለእኔ ደውሉ፤ ከኮንትራክተሩ ጋር የምነጋገረው እኔ ነኝ።

የደህንነት ተጠሪያችሁ